ከኮሽታው ጀርባ

ሰኞ፣ 4

ጅግሮቹ ዛሬም ገና ሳልደርስባቸው ይጮኹ ነበር። በሩን ስከፍት ሁሉም አንድ ጥግ ታጭቀዋል፤ ጥሬውን አልነኩትም። ይህ ሙከራዬን ያበላሸዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሽቦ ቤታቸው ውጭ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ደብቄያለሁ። ከቢሮዬ መስኮት ሆኜ ማብሪያውን ስጫን ቁጥቋጦው ኮሽ ይላል። የትኛው አንገቱን እንዳነሣ፣ የትኛው እንደጮኸ፣ የትኛው ምንም ሳይመስለው መልቀሙን እንደቀጠለ እመዘግባለሁ። ከኮሽታው ጀርባ አውሬ የለም። ስለዚህ ጩኸቱ ሐሰተኛ ነው። ግን በሐሰት ደጋግሞ የሚጮኸው ወፍ ዱር ውስጥ ዕድሜው ይረዝማል፤ ጫጩቶቹም እንደ እሱ ደንጋጮች ይሆናሉ። ሰውም እንደዚሁ ነው። ነፋስ ሣሩን ሲያወዛውዝ «ማን ነው?» ያለው ሰው ተርፎ ዘሩን ተካ። የልጅ ልጆቹ ደግሞ ነጎድጓድ ሲሰሙ፣ ልጅ ሲታመምባቸው፣ ዝናብ ሲጠፋባቸው «ማን ነው?» አሉ። እምነት የምንለው ከዚያች ጥያቄ የበቀለ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለውን ሰው ለጨዋታ ይናገረዋል፤ እኔ ከእሱ አንድ ሙሉ ጥናት አውጥቻለሁ። በሚመጣው ወር በትልቁ አዳራሽ «ሰው ለምን ያምናል?» በሚል ርዕስ ለሕዝብ አቀርበዋለሁ።

ቀድመው የደነገጡ ወፎች ግን ምንም አይነግሩኝም። የሆነ ሰው እየቀደመኝ ይገባል። የበሩ ቁልፍ ያለው በሁለት ሰው እጅ ነው፤ በእኔና በባልንጀራዬ። በዚያው ቤት በሌላኛው ወገን የእሱ ተማሪዎች እንሽላሊት ያጠናሉ።

ረቡዕ፣ 6

ባልንጀራዬ የንግግሬን ረቂቅ አንብቦ መለሰልኝ። ተምረን የወጣነው አብረን ነው፤ ስንቀጠርም አንድ ቢሮ ሰጡን፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነን። እሱ የሚያምን ሰው ነው፤ ማለዳ ጸሎት ሳይሄድ ሥራ አይገባም።

«እንደምን አደርክ?» አለኝ።

«ይመስገን።»

«ማን?»

ይቺ ቀልድ ከጀማሪነታችን ጀምሮ አልሰለቸችውም። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ጥሩ ጽፈሃል። ግን ግማሹን ረስተሃል።»

«የቱን ግማሽ?»

«ፍርሃቱን ጽፈሃል። መተማመኑስ? ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር አደን የወጣው፣ እህሉን አደራ ብሎ የሄደው፣ ሁለቱንም የሚያይ አንድ ዓይን አለ ብለው ስላመኑ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ አይደል እንዴ? እምነት ከኮሽታ ብቻ አልተወለደም።»

«እሱን ክፍል አውጥቼዋለሁ። ለስላሳ ነው፤ አይለካም።»

«ያንተስ ሒሳብ ይለካል?»

«ይለካል። ባዶውን ቁጥቋጦ አውሬ ነው ብሎ የሸሸ የሚከፍለው አንዲት ዝላይ ናት። አውሬውን ባዶ ነው ብሎ የቆመ የሚከፍለው ነፍሱን ነው። ስለዚህ መጠርጠር ርካሽ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«ቁጥቋጦውስ ምን ይከፍላል?»

«ቁጥቋጦ ደግሞ ምን ይሆናል!»

ሳቀና ወደ ክፍል ሄደ። ምኑ ነው ያሳቀው? ንግግሬ ሆዱን እንዳልበላው አስመስሏል። በልቶታል።

ዓርብ፣ 8

በጥድፊያ። አንዲት ጅግራ የለችም። ደም የለም። ከውኃ መውረጃው ቱቦ አጠገብ ጥቂት ላባ። ድምፅ ማጉያዋ ከቦታዋ ተንቀሳቅሳለች።

ለባልንጀራዬ ስነግረው፣ ገና አፌን ሳልዘጋ መለሰልኝ፦ «ሸለምጥማጥ ነው። በቱቦው ጎን ሽቦው ላልቷል።»

ለምን ቸኮለ? ወንጀለኛ ፈልግልኝ ያለው ማን ነው? በሕንፃ በታጠረ ግቢ መሀል ሸለምጥማጥ ከየት ይመጣል?

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ሳልኖር ወደ ወፎቼ ወገን ማንም አይገባም» አልኩት።

«ሽቦውንስ?»

«ሽቦውን እኔ አየዋለሁ።»

ፊቱን አየሁት። ምንም አይነበብበትም። ምንም የማይነበብበት ፊት በራሱ የሆነ ነገር ነው።

እሑድ፣ 10

ምሳ ላይ ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ ማንኪያዬን ይዤ ጠበቅኳት። ስትጨርስ «ለማን ነው?» አልኳት።

«ላንተ ነው። ማታ ማታ ትወራጫለህ። እኔማ ግራ ገብቶኛል፤ የሚጮኹት ወፎቹ ናቸው ወይስ አንተ ነህ?»

ኋላ በስልክ ከባልንጀራዬ ሚስት ጋር ስታወራ ሰማኋት። ወጥ ቤት ሆና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሱ እንደሆነ ለሰው አይነግርም … አዎ … ማለዳ ማለዳ ነው እንዴ? … እኔ ምንም አልልም።» ስገባ ወሬዋን ወደ ልጆች ትምህርት አዞረችው።

ማለዳ ማለዳ ምን?

ሽቦውን ገና አላየሁትም። የፈተና እርማት ጊዜ አልሰጠኝም።

ረቡዕ፣ 13

የግቢውን ዘበኛ እንደ ዋዛ ጠየቅኩት።

«ጓደኛዎ? እሳቸውማ በየማለዳው ይመጣሉ። ከጸሎት መልስ ነው መሰለኝ። ወፎቹ ቤት ትንሽ ቆየት ብለው ይወጣሉ።»

«ባዶ እጃቸውን?»

«ኧረ ፒንሳ አይጠፋቸውም። ምን፣ እርስዎ አልላኳቸውም?»

ፒንሳ። ሽቦ መቁረጫ ማለት ነው!

ከእንግዲህ ባልንጀራዬ ብዬ አልጽፍም። አጅሬ።

አሁን ሁሉም ይገጥማል። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊነት ሊሰጡት ስሙ ቀርቧል። እኔ በትልቁ አዳራሽ ቆሜ እምነቱን ከጅግራ ድንጋጤ ጋር ሳስተካክል እሱ ኃላፊዬ ሆኖ ሊያዳምጥ ነው? ውሂቤ ከተበላሸ ንግግሬ የለም። አይጮኽም፣ አይከራከርም፤ ፒንሳውን ይዞ ማለዳ ይመጣል።

ቢሮ ስገባ «እንደምን አደርክ?» አለኝ። «ደህና» አልኩት።

ሰኞ፣ 18

ካሜራ ተከልኩ። ጣሪያው ሥር፣ ወደ ቱቦውም ወደ በሩም እንዲያይ አድርጌ። ለአጅሬ አልነገርኩም፤ ለዘበኛውም። ለባለቤቴ እንኳ።

ማክሰኞ፣ 19

አገኘሁት!

ቀረጻውን ከንጋት ወደ ኋላ እያስኬድኩ ሳይ ብዙም አልለፋሁም። ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ይከፈታል። አጅሬ ገባ። ግራ ቀኙን አየ፤ በቱቦው አጠገብ ተንበረከከ፤ እጁ ሽቦው ላይ ሲሠራ ይታያል። ወፎቹ ይራወጣሉ። ተነሣ፣ እጁን አራገፈ፣ ወጣ።

እዚያ ላይ አቆምኩት። ሌላውን ማየት አላስፈለገኝም። የምፈልገውን አይቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ዲኑ ዘንድ ገባሁ። ወጣት ነው፤ ቃል ሲመርጥ ጊዜ ይወስዳል።

«ዶክተር፣ የብዙ ዘመን ጓደኛዎ ነው እኮ።»

«ለዚህ ነው ያመመኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት? ስም የሚያጠፋ ነገር ነው።»

«በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። ይኸው፣ እርስዎም ይዩት።»

ያቺን ቁራጭ አየ። ሁለቴ አየ። «ኮሚቴ ይየው» አለ።

ስወጣ ቀለለኝ። እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ነበር። አልወሰደኝም።

ዓርብ፣ 22

ቁልፉን ተቀበሉት። ተማሪዎቹ ጉዳዩ እስኪጣራ እንሽላሊቶቻቸውን በዘበኛ ታጅበው ብቻ ያያሉ። ስሙም ለኃላፊነቱ ከቀረቡት መካከል ወጥቷል፤ ኮሚቴው በሚመጣው ወር መጀመሪያ ዓርብ ይቀመጣል።

ቢሮ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር?»

«ነግሬህ ነበር እኮ! ሽቦው ላልቷል አልኩህ። ሸለምጥማጥ ነው አልኩህ። አትግባ አልከኝ። ታዲያ ወፎቹ እየተበሉ እጄን አጣጥፌ ልይ? ሠርቼ መውጣት ነው የሚሻለው ብዬ አሰብኩ።»

«ያለ ፈቃዴ፣ በጨለማ።»

«በጨለማ አይደለም። ከጸሎት ስመለስ ነው።»

እንደዚህ እንደሚል አውቅ ነበር። የተዘጋጀ መልስ ነው። ግን ሲናገር ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ይህን አልጠበቅኩትም። ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ጃንጥላውን ረስቶ ሄደ። ውጭ ይዘንብ ነበር። ጃንጥላውን አንሥቼ እስከ በሩ ሄድኩና ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ 27

ጸጥታ። ቁልፉ ከተወሰደ ወዲህ ጅግሮቹ ጠዋት ሳገኛቸው ተበትነው ይለቅማሉ። አንድም ሐሰተኛ ጩኸት የለም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን አለ? ለዲኑ ነገርኩት። «እንዲያ ከሆነ …» አለና ራሱን ነቀነቀ።

ባለቤቴ ግን ከእኔ ጋር አታወራም። ራት አቅርባ ሌላ ክፍል ትበላለች። ዛሬ በበሩ በኩል «ሚስቱ ታለቅሳለች» ብላኝ ሄደች። እኔስ? እኔን የሚያየኝ የለም?

ቅዳሜ፣ 30

የንግግሬን መግቢያ ደገምኩት። ጥሩ ነው። ቁጥሮቹ ያምራሉ፤ በተለይ የጠዋቶቹ። አጅሬ ይገባ በነበረበት ሰሞን ጠዋት የጮኹትን ሁሉ «ሰው ያስደነገጣቸው» ብዬ ላወጣቸው አስቤ ነበር። ኋላ ግን ከሐሰተኞቹ ጋር ደመርኳቸው። ያስጮኻቸው ሰውም ይሁን ማጉያ፣ የሚበላቸው አውሬ አልነበረም። ሐሰተኛ ጩኸት ሐሰተኛ ነው።

ሰኞ፣ 2

ጅግሮቹ ጮኹ። ሁለቱ የሉም። ላባ በየቦታው።

ቁልፍ አስቀርጿል! አስቀርጾ ነው የመለሰው። የነገውን አልጠብቅም፤ ዛሬውኑ ካሜራውን አያለሁ። ከሥር ከመሠረቱ፣ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ። በዚህ ጊዜ አንዲት ደቂቃ አላልፍም።

ያው ሰኞ፣ ማታ

አየሁ።

ማክሰኞ፣ 3

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ለሰኞ አጥቢያ የተነሣው ቀረጻ፦ ማንም ሰው የለም። በቱቦው ጎን፣ ከአሮጌው ጥጋን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንድ ረጅም ነገር ይገባል። ነጠብጣብ። ጅራቱ ቀለበት ቀለበት። ቀጥ ብሎ ወደ ወፎቹ።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው ሌሊት ተመለስኩ። አጅሬን ወዳየሁበት። ያኔ ወደ ኋላ ስመጣ እሱ ሲገባ አቁሜዋለሁ። ከዚያ በፊት ያለውን አላየሁም ነበር። ከእሱ ቀድሞ፣ ጨለማው ገና ሳይገፈፍ፣ ያው ረጅም ነገር በቱቦው ጎን ገብቶ ይወጣል። ወፎቹ ይጮኻሉ። ቆይቶ ጎህ ሲቀድ እሱ ይመጣል። ይንበረከካል። በፒንሳው ሽቦ ይጠመዝዛል። ቀዳዳውን ይደፍናል። ያቺ ጥጋን ናት ቁልፉን ከወሰዱበት በኋላ ለቀናት የያዘችው። አውሬው ሌላ ቀዳዳ እስኪከፍት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ።

የጠዋቶቹ ጩኸቶች ሐሰተኛ አልነበሩም ማለት ነው። ከቁጥሮቼ ግማሹ ያህል የተሳሳተ አምድ ውስጥ ነው ያለው። ወፎቹ አልተሳሳቱም።

ኮሚቴው ዓርብ ይቀመጣል። እጃቸው ላይ ያለችው የንጋቷ ቁራጭ ብቻ ናት። የቀረውን ያየ የለም። ማንም አልጠየቀኝም።

ለማንኛውም ማጣራት ያስፈልጋል። የካሜራው ሰዓት ትክክል መሆኑን። ብርሃኑን። ከማጣራት በፊት መናገር የባለሙያ ሥራ አይደለም።

ረቡዕ፣ 4

ሳጣራ ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ኖሮ አልሰማኋትም።

«ይሄ ሸለምጥማጥ አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«መቼ የተነሣ ነው?»

«ቀደም ሲል።»

«እሱን ካየህበት ቀን በፊት?»

«ያንኑ ሌሊት።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ፦ «ለማን ነገርክ?»

«እያጣራሁ ነው።»

«ምኑን? ሸለምጥማጥ መሆኑን ነው የምታጣራው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! አንተ ሰውዬ፣ ጓደኛህ ቤቱ ቁጭ ብሎ እሳት እየሞቀ አይደለም። በሐፍረት እየሞተ ነው። ዓርብ ሙሉውን ትወስዳለህ፤ ካልወሰድክ እኔ እወስደዋለሁ።»

«ልወስደው ነበር።»

ትታኝ ወጣች።

ልወስደው ነበር። ባለቤቴ ባትገባም እወስደው ነበር። ይህን እዚህ የምጽፈው እንዲታወቅ ነው። ይህን ደብተር የሚያነብ ሰው የለም፤ ቆልፌ ነው የማስቀምጠው። ሆኖም የሚያይ ያለ ይመስል ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዓርብ፣ 6

ሙሉውን አሳየሁ።

አውሬው በቱቦው ጎን ሲሾልክ አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቀ። ሌሎቹም ሊከተሉት ብለው የእኔን ፊት አይተው ተዉት። አጅሬ፣ ባልንጀራዬ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከስቷል። ስክሪኑን አላየም። ወለሉን ነበር የሚያየው።

ዲኑ «በሉ እንግዲህ፣ ተሳስተዋል፤ የማይሳሳት የለም» አለ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሮ ኃላፊነቱ ሰኞ ዕለት ለሌላ ሰው መሰጠቱን፣ ደብዳቤው መውጣቱን፣ መመለስ እንደማይቻል ነገረው። «ሌላ የሚፈልጉት ነገር ካለ?»

«የተማሪዎቼን ቁልፍ መልሱላቸው» አለ። ሌላ ምንም።

ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ካሜራው መጀመሪያ ላይ ግልጽ አልነበረም» አልኩት። ለምን በዚህ እንደጀመርኩ አላውቅም። «ማለቴ፣ እኔ …»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ።

ገና አልጨረስኩም ነበር።

«ግን ቢሮ እቀይራለሁ። ሰኞ ዕቃዬን አወጣለሁ። ስሠራ ጀርባዬን ሰጥቼህ ነው የምቀመጠው፤ ከእንግዲህ አይሆንልኝም።»

ዓርብ፣ 13

ንግግሩ አለፈ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የጠዋቶቹን ቁጥሮች አውጥቼ የቀረውን አቀረብኩ፤ የቀረውም ይበቃል፤ ሐሳቡ አሁንም ትክክል ነው። «እባብ ያየ» ስል ሳቁ። ባለቤቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ አልሳቀችም።

«መጠርጠር ርካሽ ነው» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ዘለልኳት። ሰዓት ስላጠረኝ ነው።

እሱም መጥቶ ነበር። ከኋላ ቆሞ አዳመጠ፤ ስጨርስ ከሰው ጋር አጨበጨበ። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ በግንባሩ ሰላም አለኝና ወጣ። ምን ፈልጎ መጣ?

ማክሰኞ፣ 17

ዲኑ አስጠርቶኝ ነበር። የሐሰት ክስ የቀረበበት ሰው ከሳሹን መልሶ መክሰስ ይችላል አለኝ፤ ደንቡ ይፈቅዳል፤ የማስተማር ፈቃድን እስከ ማገድ ያደርሳል። «መብታቸውን ነግረናቸዋል። ጽፈው የሰጡን መልስ አልከስም የሚል ነው።»

«ምክንያቱን ጽፏል?»

«አልጻፉም። ዶክተር፣ ዕድለኛ ነዎት።»

በቀጥታ ወደ አዲሱ ቢሮው ሄድኩ። ጠባብ ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም፤ መጻሕፍቱ ገና በካርቶን ናቸው። ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ለምን አልከሰስከኝም?»

ከሚያርመው ወረቀት ቀና አለ።

«ብከስህ ምን እጠቀማለሁ?»

«እኔም የምጠይቅህ እሱን ነው። ባለመክሰስህ ምን ትጠቀማለህ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር። የታከተው ሰው ይመስል ነበር።

«ሂድ ወንድሜ» አለኝ። «ክፍል አለኝ።»

ቤት ገብቼ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ መረመርኩ። ዲኑ ዘንድ መልካም ለመምሰል? ዲኑ ከእንግዲህ ምንም አይሰጠውም፤ ወንበሩ ተይዟል። እኔን ለማሳፈር? እንግዲያውስ ለሰው ያወራው ነበር፤ አላወራም፤ ዲኑ ባይጠራኝ እኔም አላውቅም ነበር። ለጽድቁ? ይህንንማ አምን ነበር፤ ግን ለጽድቁ የሚሠራ ሰው ቢሮ አይቀይርም፤ አብሮ ይቀመጥና ያሳያል። ሚስቴ ለምናው? ጠየቅኳት። «እኔ ምን አግብቶኝ» አለች፤ አልዋሸችም።

ከዚህ ሌላ ምን ሊኖር ይችላል? ዝም ብሎ ያደረገው ነገር ነው ማለት ነው። ከጀርባው ምንም የለም።

ይህን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ማመን ግን አቃተኝ።